ከሀዋሳ ግቢ የራዲዮ ሞገድን ማድመጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውድ ዕቃ ሳይገዙ መቀበያ ጣቢያ አቁመው የሲግናልን ጉዞ ማጥናት የሚፈልጉ የከተማችን ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

መቀበያ ጣቢያ ማለት ምንድን ነው?

ምንም የማይልክ፣ ሥራው ማድመጥ ብቻ የሆነ ጣቢያ ነው። አንድ ሽቦ፣ ጣት የምታክል ተቀባይና አንድ ኮምፒውተር ይበቃሉ። ኮምፒውተሩ አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ይቀመጥና ሲግናል በመጣ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደተሰማና ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ይመዘግባል። ከሳምንት በኋላ መዝገቡን ስትከፍቱ ሰማዩ በየሰዓቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ታዩበታላችሁ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አጭር ሞገድ ራዲዮ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። የዜና ሰዓት ሲደርስ አባት ራዲዮኑን ወደ መስኮት ያስጠጋል። አንቴናውን መዞ ያዞራል። አልሆን ሲለው ከ19 ሜትር ባንድ ወደ 25 ወይም ወደ 31 ይሻገራል። ትናንት ጥርት ብሎ የተሰማው ጣቢያ ዛሬ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል። እኛ የምናጠናው ያንን መምጣትና መሄድ ነው።

ሲግናሉ ለምን ይመጣል? ለምንስ ይጠፋል?

ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ስስ አየር የፀሐይ ጨረር እየመታ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል። ይህ የከባቢ አየር ክፍል አይኖስፌር ይባላል። አጭር ሞገድ እዚያ ሲደርስ ይታጠፍና ወደ ምድር ይመለሳል። ምድር ነክቶ እንደገና ይነሳል። በዚህ ዝላይ ከአውሮፓ ሀዋሳ ይደርሳል።

አይኖስፌር በንብርብር የተከፈለ ነው። ከታች፣ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለው ዲ የሚባለው ንብርብር ቀን ቀን ብቻ ነው የሚኖረው፤ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይከስማል። መካከለኛ ሞገድ ላይ የሩቅ አገር ጣቢያ ማታ ማታ የሚሰማው ለዚህ ነው። ከላይ ያለው ኤፍ የሚባለው ንብርብር ግን እየሳሳም ቢሆን ሌሊቱን ያድራል። ስለዚህ ባጠቃላይ 14፣ 21 እና 28 ሜጋኸርዝ የቀን ባንዶች ናቸው፤ 7 እና ከዚያ በታች ያሉት ማታ ይደምቃሉ።

ለማድመጥ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መላክ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ይህን ቀልድ አታድርጉት። ፍሪኩዌንሲን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እዚህ የማወራችሁ ጣቢያ ምንም አይልክም። ቢሆንም ዕቃ ከውጭ ከማዘዛችሁ በፊት ባለሥልጣኑንና ጉምሩክን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይሻላል።

ጎረቤትንም አትርሱ። ሰው ግቢ ውስጥ ረጅም ሽቦ ሲያይ ይጠይቃል፣ መጠየቁም ትክክል ነው። ግቡና እዩ ብላችሁ ስክሪኑን ብታሳዩ ጥርጣሬው ወደ ጉጉት ይለወጣል። ውሎ አድሮ መላክም የሚፈልግ ሰው ስለ ኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ይጠይቅ። አማተር የሚባለው ፈቃድ አውጥቶ ለፍላጎቱ በራዲዮ የሚላላክ ሰው ነው። የማኅበሩ የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ነው።

ምን ልግዛ? ስንት ያስወጣል?

ትልቁ ወጪ ተቀባዩ ነው። አርቲኤል ኤስዲአር የሚባለው ፍላሽ ዲስክ የሚመስል ዕቃ መጀመሪያ የተሠራው ኮምፒውተር ላይ ቴሌቪዥን ለማየት ነበር። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ሰዎች ውስጡ ያለው ቺፕ ጥሬ የራዲዮ ሲግናል ወደ ኮምፒውተር ማውጣት እንደሚችል አወቁ። ከዚያ ወዲህ የድሀ ላቦራቶሪ ሆኗል። ለአጭር ሞገድ የሚሆነው ቪ3 ወይም ቪ4 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውጭ አገር ዋጋው ከ30 እስከ 40 ዶላር ይደርሳል። መልኩ ተመሳሳይ የሆነ በጣም ርካሽ ዕቃም አለ። አብዛኛው ከ24 ሜጋኸርዝ በታች አይሰማምና ተጠንቀቁ።

ሌላው ሁሉ እዚሁ መናኸሪያ አካባቢ ካሉ የኤሌክትሪክ ሱቆች ይገኛል። ለአንቴና ተራ የቤት መስመር ሽቦ፣ ወደ ቤት ለማስገባት የዲሽ ገመድ። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፣ ተቀባዩ 50 ይፈልጋል የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ለማድመጥ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። ይሆናል?

ይሆናል። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ሊኑክስ ተጭኖበት ጥሩ ይሠራል። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ በትንሽ ባትሪ ሊያሠራው ይችላል።

አንቴናውን እንዴት ልሥራ? ተከራይ ነኝ፣ ጣሪያ ላይ መውጣት አልችልም።

ቦታ ያለው ሰው ግማሽ ሞገድ ዳይፖል ይሥራ። ርዝመቱን ለማግኘት 143ን በሜጋኸርዙ ማካፈል ነው። ለ14.1 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መሃሉ ላይ ለሁለት ይቆረጥና የዲሽ ገመዱ እዚያ ይገናኛል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር አርቁት። ቆርቆሮ ላይ የተኛ ሽቦ አይሰማም።

ለተከራይ የማዝነው በሌላ ነገር ይሁን እንጂ በአንቴና አይደለም። 18 ሜትር ሽቦ ወስዳችሁ ጎኑ 4 ሜትር ተኩል በሆነ አራት ማዕዘን ሣሩ ላይ አንጥፉት። ሁለቱ ጫፎች በትንሽ ትራንስፎርመር በኩል ከገመዱ ጋር ይገናኛሉ። መሬት ላይ በመሆኑ ሲግናሉ ይደክማል፤ ግን ከቤት የሚወጣው ጫጫታ የባሰ ይደክማል። ለማድመጥ ዋናው ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል በላይ ነው የሚለው ስለሆነ ትርፉ የእናንተ ነው። አከራይም አያይም።

ሁለት ማሳሰቢያ። ዝናብ ሳይጀምር ገመዱን ከተቀባዩ ነቅላችሁ ከቤት ውጭ አድርጉት፤ በበልግም በክረምትም መብረቅ አለብን። ሐይቁ አጠገብ የምትኖሩ ደግሞ ሽቦውን ጠንከር ባለ ገመድ ወጥሩ። አባ ኮዳ ሲያርፍበት ክብደቱን የሚችለው ቀጭን ሽቦ የለም። የኔ የመጀመሪያው ዳይፖል ያለቀው በእሱ ነው።

ምን ላድምጥ?

በጆሮ መጀመር የሚወድ ሰው 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ይቀመጥ። በዓለም ዙሪያ 18 ጣቢያዎች ተራ ይዘው እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ይልካሉ፤ ዙሩ በ3 ደቂቃ ያልቃል። እያንዳንዱ የጥሪ ምልክቱን (የሚታወቅበትን የፊደልና የቁጥር ስም) በሞርስ ከላከ በኋላ አራት ረጅም ድምፅ ያሰማል፦ መጀመሪያ በ100 ዋት፣ ቀጥሎ በ10፣ በ1፣ በመጨረሻ በ0.1 ዋት። ስንተኛው ድረስ እንደሰማችሁ ብቻ ብትጽፉ ጥናት ጀመራችሁ። ኬንያ፣ እስራኤል፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ስሪላንካና ፊንላንድ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ አንዳንዱ ለጥገና የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ለረጅም ጊዜ ጥናት ግን ዊስፐር የሚባለው ስልት ወደር የለውም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ጆ ቴይለር ነው፤ በ1993 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሸለመው ሳይንቲስት። ላኪው፣ ማለትም በየአገሩ ያለ አማተር፣ ሁለት ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ የጥሪ ምልክቱን፣ ያለበትን ቦታና የኃይሉን መጠን በጣም በዝግታ ይልካል። ብዙዎቹ 5 ዋትና ከዚያ በታች ነው የሚጠቀሙት። በጆሮ ጨርሶ የማይሰማውን ሲግናል ሶፍትዌሩ ከጫጫታው ሥር ፈልፍሎ ያወጣዋል። ተቀባዩን ላይኛው ሳይድባንድ (ሶፍትዌሩ ላይ USB የሚለው) ላይ አድርጋችሁ ቀን 14.0956፣ ማታ 7.0386 ሜጋኸርዝ ያዙ። የሀዋሳ የቦታ ኮድ ኬጄ97 ነው፣ የአዳማ ኬጄ98። የጥሪ ምልክት የሌለው አድማጭ የራሱን መለያ ይፈጥራል፤ የሌላ ሰው ጥሪ የሚመስል ግን አይሁን።

ሰዓቱ ግራ ያጋባኛል። በየትኛው ልመዝግብ?

ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ብቻ። የዓለም አድማጮች ሁሉ የሚጽፉት በእሱ ነው። ለእኛ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በቀኑ ሰዓታችን ላይ 3 ደምሩ። ጠዋት 3 ሰዓት ዩቲሲ 6 ነው፣ ቀን 6 ሰዓት ዩቲሲ 9። በማታው ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፤ ማታ 1 ሰዓት ዩቲሲ 16 ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን የዩቲሲ ቀን ይቀየራል።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል መሆን አለበት። ዊስፐር የሚጀምረው በየሁለት ደቂቃው፣ በተጋማሽ ደቂቃ (0፣ 2፣ 4 …) መጀመሪያ ላይ ነው። ሰዓታችሁ ሁለት ሰከንድ ከተዛባ ስክሪኑ ላይ ሲግናል እያያችሁ አንድም የተነበበ መልእክት መስመር አይወጣም። ምንም አይመጣልኝም ብለው ከሚጠይቁኝ ሰዎች የብዙዎቹ ችግር ይኸው ነው።

የምሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ተቀባዩ ተበላሽቶ ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ጫጫታው ከቤታችሁ ነው የሚወጣው። የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ ስታቢላይዘር፣ ቴሌቪዥን፣ የሶላር ኢንቨርተር ሁሉም አጭር ሞገድ ላይ ይረጫሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስክሪኔ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ፣ ማለትም ጫጫታ ብቻ ነበር። አንድ ማታ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ከጨለማው ውስጥ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሁሉም ጣቢያዎች ናቸው። እዚያው ነበሩ፣ እኔ ነኝ በጫጫታ የሸፈንኳቸው።

መብራት ሲመለስ ትንሿን የባትሪ ራዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ የሌለበት ቦታ አድርጌ ቤቱን ዞርኩ። ከግድግዳው አጠገብ ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። ጥፋተኛው የበር መብራት ነበር። አምፖሉን ስቀይረው ግማሹ ጫጫታ ሄደ። እናንተም በዚህ ጀምሩ፦ ቆጣሪውን አጥፉ፣ በባትሪ አድምጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራችሁ ፈልጉ።

መብራትም ኢንተርኔትም ይቆራረጣል። መረጃው ዋጋ ያጣል?

አያጣም። ሶፍትዌሩ የሰማውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ ኔትወርክ ሲመጣ በኢንተርኔት ወደ ዓለም አድማጮች የጋራ መዝገብ መላክ ይቻላል። የሚበላው ዳታም ትንሽ ነው። ለሰዓቱ ደግሞ ርካሽ የዩኤስቢ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይበቃል። መረጃውን የሚያበላሸው መቋረጡ ሳይሆን የተቋረጠበት ሰዓት አለመጻፉ ነው።

ሀዋሳ ወይም አዳማ መሆኔ ምን የተለየ ነገር አለው?

ብዙ አለው። ካርታ ላይ ያለው የምድር ወገብ ኬንያን ነው የሚያቋርጠው። የመግነጢስ ወገብ ግን ሌላ መስመር ነው፤ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው፣ ከሀዋሳ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን። የምድር መግነጢስ መስመሮች እዚህ ተኝተው ያልፋሉ። በዚህ ምክንያት ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት በራሳችን ላይ ይፈሳል። የላይኛው ንብርብር ደግሞ እንደ ፏፏቴ ሽቅብ ይነሳና በሁለቱም ወገን፣ ከመስመሩ 15 ዲግሪ ገደማ ርቆ ይከመራል።

በጣም የምወደው ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ኤፍ ንብርብር ከፍ ይልና ውስጡ ባዶ አረፋዎች ይፈጠራሉ። ያንን ሰንጥቆ የሚያልፍ ሲግናል ይርገበገባል። በጆሮ ስትሰሙት ውኃ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ፉጨት ይመስላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይበረታል። ዊስፐር መልእክቱን የሚልክባቸው ድምፆች የሚራራቁት በ1.46 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ይደባለቁና አይነበቡም። ኤፍቲ8 በሚባለው ሌላ የአማተሮች ስልት ርቀቱ 6.25 ኸርዝ ነው፣ ይቋቋማል። ሁለቱን ጎን ለጎን መዝግቡ፤ አንዱ ጠፍቶ ሌላው የሚቆይበት ሰዓት በራሱ መረጃ ነው። እንዲህ ያለ ሰማይ ሥር ተቀምጦ የሚመዘግብ ጣቢያ ጥቂት ነው። አውሮፓ ውስጥ አንድ ጣቢያ ቢጨመር ማንም አያስተውልም፣ እዚህ ግን ባዶ ቦታ ይሞላል።

ጀርመንን እሰማለሁ፣ አዲስ አበባን ግን አልሰማም። እንዴት ይሆናል?

አንቴናችሁ ጤነኛ ነው። አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በመካከል ያለው መሬትና ተራራ በምድር የሚመጣውን ሞገድ ያስቀረዋል። በሰማይ እንዲመጣ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት። 14 ሜጋኸርዝ እንዲያ ሽቅብ ሲመታ ብዙ ጊዜ ንብርብሩን ሰንጥቆ ወደ ጠፈር ይሄዳል። ከጀርመን የሚመጣው ዝቅ ባለ ማዕዘን ስለሚገባ ይታጠፋል። ውኃ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውራችሁ አታውቁም? አጋድመው ሲወረውሩት ይዘላል፣ ከላይ ሲጥሉት ይሰምጣል። አዲስ አበባን ለመስማት ወደ 7 ሜጋኸርዝ ውረዱ።

21.4 ሜጋኸርዝ ላይ የማላውቀው የስርጭት ጣቢያ ይታየኛል። የት ነው ያለው?

ምናልባት 7.4 ላይ ነው። ቪ3 አጭር ሞገድን የሚቀበለው በሰከንድ 28.8 ሚሊዮን ጊዜ ናሙና እየወሰደ ነው። ከዚህ ግማሽ፣ ማለትም ከ14.4 በላይ ያለውና ከሱ በታች ያለው እንደታጠፈ ወረቀት ይደራረባሉ። ያያችሁትን ቁጥር ከ28.8 ቀንሱ፤ ሌላው ቦታው ይኸው ነው። 14.0956 ላይ ያለ ዊስፐርም ከ14.7044 ጋር ይደራረባል። ቪ4 ሲግናሉን መጀመሪያ ወደ ላይ ስለሚያነሳው ይህ ችግር የለበትም። ቪ3 ያላችሁ ማጣሪያ ጨምሩ፤ ያም ቢሆን 14.4 አጠገብ ብዙ አይረዳም።

በፀሐይ ላይ የሚነሳ ፍንዳታ በዚህ ዕቃ ይታያል?

ይታያል። ብርቱ ፍንዳታ ሲነሳ ኤክስሬዩ በ8 ደቂቃ ገደማ ይደርሰንና ዲ ንብርብርን ድንገት ያወፍረዋል። አጭር ሞገድ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል፣ ቀድሞ የሚመለሰውም ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ነው። ይህ በቀን ብቻ የሚሆን ነው። ፍንዳታው የምድርን መግነጢስ የሚያናውጥ ማዕበል ሊያስከትልም ይችላል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. የጀመረው መግነጢሳዊ ማዕበል ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ የመጀመሪያው ነበር። እንዲያ ባለ ቀን የሚመዘግብ ጣቢያ ዋጋው ብዙ ነው።

ከዚህም የረከሰ መንገድ አለ። ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ ሽቦ 25 ጊዜ ጠምጥሙ፤ 100 ሜትር ይወስዳል። ጫፉን በኮምፒውተሩ የማይክ ቀዳዳ አስገቡ። በሰከንድ 48 ሺህ ናሙና የሚወስድ ሳውንድ ካርድ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ይሰማል። ሕንድ ደቡብ ጫፍ አካባቢ ያለው የባሕር ኃይል ጣቢያ 18.2 ኪሎኸርዝ ላይ ነው፣ የአውስትራሊያው 19.8 ላይ። ጥንካሬያቸውን ቀኑን ሙሉ በግራፍ ሳሉት። ንጋትና ምሽት ላይ ይታጠፋል፣ ፍንዳታ ሲመጣ በድንገት ይዘላል ወይም ይወርዳል። አንዳንድ ላፕቶፕ ትንሽ ማጉያ ይፈልጋል።

ዶፕለር ለመለካትስ ተቀባዬ ይበቃል?

እንዳለ አይበቃም። ንብርብሩ ከፍ ዝቅ ሲል የሲግናሉ መንገድ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ፍሪኩዌንሲውም በትንሹ ይለወጣል። ዶፕለር የሚባለው ይህ ለውጥ ነው። መንገዱ በሰከንድ 30 ሜትር ቢለወጥ 10 ሜጋኸርዝ ላይ የሚታየው ለውጥ 1 ኸርዝ ብቻ ነው። የተቀባያችሁ ክሪስታል፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ዕቃ፣ በሚሊዮን አንድ እጅ ቢሳሳት ግን ስህተቱ 10 ኸርዝ ይሆናል። የቤቱ ሙቀት ሲቀየር ሰማይ የተንቀሳቀሰ ይመስላችኋል። ለዚህ በክሪስታሉ ፈንታ በጂፒኤስ የሚስተካከል ኦሲሌተር (የፍሪኩዌንሲ ምንጭ) ያስፈልጋል። ሃምሳይ የሚባለው የአማተሮችና የተመራማሪዎች ስብስብ ግሬፕ የተሰኘውን ርካሽ ተቀባይ የሠራው ለዚሁ ሥራ ነው። ከእኛ አገር ትክክለኛ ሰዓትና ፍሪኩዌንሲ የሚያሰራጨውን የሞስኮውን የሰዓት ጣቢያ 9.996 ሜጋኸርዝ ላይ መከታተል ጥሩ መነሻ ነው፤ 10 ሜጋኸርዝ ላይ ከአንድ በላይ አገር ስለሚልክ ይደባለቃል።

የአንድ ሰው ጣቢያ ለሳይንስ ምን ይጨምራል?

በ1921 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፖል ጎድሊ የሚባል አሜሪካዊ ስኮትላንድ ሄዶ አርድሮሳን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ድንኳን ተከለ። ሥራው ማድመጥ ብቻ ነበር። ያኔ አማተሮች የተተወላቸው ከ200 ሜትር በታች ያለው፣ አይጠቅምም የተባለ ሞገድ ነው። በዚያ ብርድና ዝናብ ከአሜሪካ የአማተር ጣቢያዎችን ሰምቶ መዘገበ። አጭር ሞገድ ውቅያኖስ እንደሚሻገር ካሳዩት መዝገቦች አንዱ የእሱ ነው።

የሚጠብቀን ቀንም አለ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነስቶ በደቡብ ስፔን፣ በሰሜን አፍሪካና በግብፅ አድርጎ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በየመንና በሶማሊያ በኩል ያልፋል። ጥላው ሉክሶር አካባቢ የሚደርሰው በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ላይ በከፊል ይታያል። ከአውሮፓ ወደ ሀዋሳ የሚመጣ ሲግናል ያንን ጥላ ማቋረጡ ስለማይቀር ጣቢያችሁ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሳይቋረጥ ይሥራ። ግርዶሹን የሚያሳየው ከተራው ቀን ጋር ያለው ልዩነት ነው።

ቅዳሜ 200 መስመር መዘገብኩ፣ ማክሰኞ 90። አይኖስፌር ተበላሽቷል ማለት ነው?

ገና አይባልም። ቅዳሜና እሑድ ሰው ቤቱ ስለሚውል ላኪው ይበዛል። ስለዚህ ድምሩን አትቁጠሩ። ሌት ተቀን የሚልኩ አሥር ያህል ጣቢያዎች ምረጡ፣ የእያንዳንዳቸውን ጥንካሬ ከቀን ቀን አነጻጽሩ። ላኪው ኃይሉን ቀይሮ እንደሆነም እዩ፤ እያንዳንዱ መስመር ላይ ተጽፏል።

ቀጥሎ የራሳችሁን ጫጫታ ጠርጥሩ። ጎረቤት ብየዳ ከጀመረ ከጀርመን የሚመጣው ሲግናል የደከመ ይመስላል እንጂ አልደከመም። ከኮምፒውተሩ አጠገብ ደብተር አስቀምጡ። መብራት የጠፋበትን፣ ገመድ የነቀላችሁበትን፣ አምፖል የቀየራችሁበትን፣ ብየዳው የተሰማበትን ሰዓት በዩቲሲ ጻፉበት። ጣቢያው እየሠራ ምንም ያልተሰማበትን ሰዓት ደግሞ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ጠፍቶ የነበረበትን ሰዓት ባዶ ተዉት።